ሦስት ሌሊት በአሸዋ ላይ

ባለፈው እትም ስለ ልጆች የጥናት ሰዓት ጀምረን ቀሪውን በዚህ እንጨርሳለን ብለን ነበር። ይቅርታ እንጠይቃለን፤ የጥናቱን ጉዳይ ለሚቀጥለው አሳድረነዋል። በኮሚኒቲው ስብሰባ ላይ የተነሳው ክርክር እስካሁን በየቤቱ አልበረደምና። የተገኛችሁ ታውቁታላችሁ፤ ላልተገኛችሁ ባጭሩ እንንገራችሁ።

ወጣቶቹ ተነሱና ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ አንድ የሙዚቃ ምሽት እናዘጋጅ፣ ጎረቤቶቻችን ሱዳኖቹም ኮንጎዎቹም ሶማሌዎቹም የየራሳቸውን ይዘው ይምጡ ብለው ጠየቁ። አንድ አባት እጃቸውን አወጡና «ልጆቼ፣ የአገር ቤቱ ለቅሶ ሳይወጣ እኛ በሰው አገር እስክስታ እንውረድ?» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ አንዲት እናት ከኋላ ሆነው «አባባ፣ ለቅሶውስ ያለ እንጉርጉሮ መቼ ተለቅሶ ያውቃል?» ብለው መለሱ። ሳቅም ሆነ፣ ቁጣም ሆነ። አንዱ ስለ ጸብ አነሳ፤ ሌላው ሴት ልጆች አምሽተው በየት በኩል ይገባሉ አለ፤ ሌላው ደግሞ ለጄኔሬተሩ ነዳጅ ማን ይከፍላል አለ። ነገሩ ሳይቋጭ ለቅዳሜ ተቀጠረ።

እኛንም «መምህር፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» ብለው ቢጠይቁን ዝም አልን። ስብሰባ ላይ ተነስቶ መናገር ብዙም አይሆንልንም፤ መጻፍ ይሻለናል። ስለዚህ ዛሬ ከዚህ በጣም ርቆ፣ በማሊ በረሃ ውስጥ ይደረግ ስለነበረ አንድ ፌስቲቫል እናወጋችኋለን። ስሙ «የበረሃው ፌስቲቫል» ነው። ከሌሎቹ ትልልቅ የሜዳ ፌስቲቫሎች ሁሉ ይህን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከመሥራቾቹና ከዘፋኞቹ ብዙዎቹ እንደኛው ስደትን የቀመሱ ሰዎች ናቸው።

ማሊ በካርታ ላይ ስትታይ ክንፏን የዘረጋች ቢራቢሮ ትመስላለች። (ካርታው ስድስተኛ ክፍል ግድግዳ ላይ አለ፤ ጥጉን ምስጥ ቢበላውም ማሊ አልተነካችም።) ላይኛው ሰፊ ክንፏ በሙሉ ሰሃራ ነው ማለት ይቻላል። እዚያ ከሚኖሩት ሕዝቦች አንዱ ቱዋሬግ ይባላል። ማሊ ውስጥ ብቻ አይደሉም፤ ኒጀር፣ አልጄሪያ፣ ሊቢያና ቡርኪና ፋሶ ውስጥም አሉ። ግመልና ፍየል እያረቡ፣ ጨው በግመል እየጫኑ በረሃውን ሲያቋርጡ የኖሩ ናቸው። ታማሼቅ የሚባል ቋንቋ፣ ቲፊናግ የሚባል የራሳቸው ፊደል አላቸው። ፊቱን በሻሽ የሚሸፍነው ወንዱ እንጂ ሴቷ አይደለችም። ይህን ክፍል ውስጥ ስንናገር ሴቶቹ ተማሪዎች አጨበጨቡ።

ማሊ እ.ኤ.አ. በ1960 ነፃ ወጣች። ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላት በ1963 የሰሜኑ ቱዋሬጎች አመፁ፤ መንግሥትም በከባድ እጅ ደመሰሳቸው። በዚያን ጊዜ አንድ የአራት ዓመት ያህል ልጅ አባቱ ሲገደል አየ። የልጁ ስም ኢብራሂም አግ አልሃቢብ ነው። ቤተሰቡ ከብቱን አጥቶ ወደ አልጄሪያ ተሰደደ። ኢብራሂም አንድ ቀን ፊልም ላይ ጊታር የሚመታ ፈረሰኛ አየና ያ ነገር ከልቡ አልወጣ አለው። ጊታር መግዣ ከየት ይምጣ? ጣሳ ፈለገ፣ እንጨት ፈለገ፣ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ፈታ፤ እሱን በእሱ ላይ አስሮ መምታት ጀመረ።

ይህን ስንጽፍ በየብሎኩ የምናያቸው የዘይት ጣሳ ክራሮች ትዝ አሉን። በዚያው ይቆየን፣ እንመለስበታለን።

ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በ1970ዎቹ፣ ኋላም በ1980ዎቹ በሳህል የወረደው ድርቅ የቱዋሬጎችን መንጋ ፈጀው። ድርቁን ለኛ መንገር አያስፈልግም። ከብት የሌለው ዘላን ምን ይሆናል? ወጣቶቹ ሥራ ፍለጋ ወደ አልጄሪያና ወደ ሊቢያ ነጎዱ። «ኢሹማር» ተባሉ፤ ቃሉ ፈረንሳይኛው «ሥራ አጥ» ከሚለው የመጣ ነው። ስድብ የነበረውን ስም እነሱ እንደ ማዕረግ ያዙት። ኢብራሂምና ጓደኞቹ በደቡብ አልጄሪያ በታማንራሴት ከተማ በ1979 ገደማ አብረው መጫወት ጀመሩ። ኋላ «ቲናሪዌን» የተባለው ባንድ ይሄው ነው። ትርጉሙ «በረሃዎች» ማለት ነው።

ቀጥሎ የመጣው ነገር እንደ ተረት የሚያምር ብቻ አይደለም፤ እውነቱን እንናገር። ጋዳፊ ከ1980 ጀምሮ ቱዋሬግ ወጣቶችን ወደ ወታደራዊ ማሠልጠኛ ጠራቸው፤ ሙዚቀኞቹም ገቡበት። ቀን ጠመንጃ፣ ማታ ጊታር። ባዶ ካሴት ይዞ ለመጣ ሰው ሁሉ ያለ ክፍያ ይቀዱለት ነበር። ያ ካሴት ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከግመል ወደ መኪና እየተላለፈ፣ እየተገለበጠ ሰሃራን አዳረሰ። ፖስታ ቤት በሌለበት ካሴት ደብዳቤ ነው። ከመካከላችን ዕድሜያቸው ገፋ ያሉት ድምፃቸውን በካሴት ቀድተው ወደ አገር ቤት ይልኩ የነበሩበትን ጊዜ ያስታውሳሉ፤ ማን ነው የእናቱን ድምፅ በካሴት ሰምቶ ያላለቀሰ?

በ1990 ሁለተኛው አመፅ ተነሳ። ከቲናሪዌን አባላትም የተዋጉ ነበሩ። መንደሮች ተቃጠሉ፣ ንጹሐን ሰዎች ከሁለቱም ወገን አለቁ፣ ብዙ አሥር ሺህ ሰው ወደ ሞሪታኒያ፣ አልጄሪያና ቡርኪና ፋሶ ካምፖች ተሰደደ። «ታርቲት» የምትባል የሴቶች የሚበዙባት የሙዚቃ ቡድንም የተወለደችው ከዚህ ስደት ነው፤ ሴቶቹ የተገናኙት ካምፕ ውስጥ ነው። ታርቲት ማለት «አንድነት» ማለት ነው።

ከእርቅ በኋላ፣ መጋቢት አጋማሽ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1996 በቲምቡክቱ ከተማ ትልቅ እሳት ነደደ። የተቃጠለው ከተዋጊዎች የተሰበሰበ ሦስት ሺህ ያህል የጦር መሣሪያ ነው። የማሊው ፕሬዝዳንት አልፋ ኡማር ኮናሬና የጋናው ጄሪ ሮውሊንግስ በቦታው ነበሩ። «የሰላም ነበልባል» ይሉታል። ቅሪቱ በሲሚንቶ ተለስኖ ሐውልት ሆነ።

ፌስቲቫሉ የበቀለው ከዚህ አመድ ነው።

ቱዋሬጎች ከጥንት ጀምሮ በዓመት አንድ ጊዜ ከየግጦሹ ተሰባስበው የሚገናኙበት ልማድ አላቸው። በኪዳል በኩል ታኩበልት፣ በቲምቡክቱ በኩል ተማካኒት ይባላል። ግመል ይጋልባል፣ ይዘፈናል፣ ይተጫጫል፤ ግን ደግሞ የተጣላ ይታረቃል፣ ስለ ውኃና ስለ ግጦሽ ይመከራል፣ ማን ሞተ ማን ወለደ ይባላል። ዘፈኑ የጉባኤው ማጣፈጫ ነው እንጂ ብቻውን የቆመ ነገር አይደለም። ማኒ አንሳር የተባለ የቲምቡክቱ አካባቢ ተወላጅና ጓደኞቹ፣ ከፈረንሳይ ሎጆ ከተባለው ባንድ ጋር ሆነው፣ ይህን የቆየ መሰባሰብ ለእንግዳ ሁሉ ክፍት እናድርገው አሉ። የመጀመሪያው በጥር 2001 በቲን ኤሳኮ ተደረገ። በ2002 ወደ ቴሳሊት ሄደ። ከ2003 ጀምሮ ግን ከቲምቡክቱ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በኤሳካን ሰፈረ።

ኤሳካን ምን አላት? አሸዋ አላት። ነጭ፣ እንደ ዱቄት የላመ አሸዋ። ሆቴል የለም፣ አስፋልት የለም። የመድረኩ መብራትና ድምፅ ማጉያ በጄኔሬተር ነው። የባሕር ማዶ እንግዶች በላንድክሩዘር እየተንገጫገጩ፣ አሸዋው ሲይዛቸው እየወረዱ እየገፉ ይደርሳሉ፤ የአገሩ ሰው በግመል ይመጣል። ማደሪያው ድንኳን ነው። ጥር ስለሆነ ቀኑ ቢያቃጥልም ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል፤ ሰው ብርድ ልብሱን ተከናንቦ አሸዋው ላይ ተቀምጦ እስከ ሌሊት ሙዚቃ ይሰማል። እንግዲህ አስቡት፦ ድንኳን፣ አሸዋ፣ ጄኔሬተር፣ ከሩቅ የሚመጣ ውኃ። ይህን ለማየት ሰው ከአውሮፓ ድረስ ገንዘብ ከፍሎ ይመጣል! እኛ በነፃ ስንት ዓመት ኖርንበት! (ጎረቤታችን ይህን ስናነብላቸው «ትኬቱን ለኔ ቢሸጡልኝ እኔም ወጥቼ ልመለስ» አሉ።)

ከሰዓት በኋላው የአገሬው ነው። ሴቶች ክብ ሠርተው ይቀመጡና ቴንዴ ይመታሉ። ቴንዴ የእህል ሙቀጫ ነው፤ ቀን ይወቀጥበታል፣ ሲፈለግ አፉ ላይ የፍየል ቆዳ ተወጥሮበት ከበሮ ይሆናል። ወንዶቹ በግመል ሆነው ሴቶቹን ይዞራሉ፤ ግመሉ ራሱ በምቱ የሚራመድ ይመስላል። ሌላው መሣሪያ ኢምዛድ ይባላል። ከቅል የተሠራ፣ ቆዳ የተለበጠ፣ አንድ ብቻ የፈረስ ጭራ አውታር ያለው፣ በቀስት የሚመታ። እንዴ፣ መሰንቆ አይደለም ወይ? ነው ለማለት ይቃጣል። ልዩነቱ የመሰንቋችን ሆድ ማዕዘን ያለው እንጨት መሆኑና፣ ከኛ ዘንድ አዝማሪው አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ሲሆን ኢምዛድን የምትመታው ሴት መሆኗ ነው። ዩኔስኮ በ2013 ኢምዛድን ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል።

ሲመሽ መድረኩ ይጀምራል። በ2003 እዚያ የነበሩትን ብቻ ብንጠቅስ ይበቃል። የማሊው ታላቅ ጊታረኛ አሊ ፋርካ ቱሬ፣ ከደቡብ የመጣችው ኡሙ ሳንጋሬ፣ ቲናሪዌን፣ ታርቲት፣ ከእንግሊዝ ደግሞ የሌድ ዜፕሊኑ ሮበርት ፕላንት። ከአሜሪካ የናቫሆ ሕንድ ተወላጆች የሆኑ ሁለት ወንድማማቾችና እህታቸው ብላክፋየር የሚባል ባንዳቸውን ይዘው መጡ። የናቫሆ ልጅና የቱዋሬግ ልጅ አንድ እሳት ዳር! የዚያ ዓመቱ ዝግጅት በሲዲ ወጥቶ ዓለም ሰማው፤ ከዚያ በኋላ ኤሳካን ስሟ ገነነ።

የዚህ ፌስቲቫል ሥራ ግን ዝነኛ ሰው ማምጣቱ አይመስለንም። ከስድስት ከሰባት ዓመት በፊት እርስ በርስ ጠመንጃ ተማዝዘው የነበሩ የደቡብና የሰሜን ሰዎች፣ ሶንጋይና ቱዋሬግ፣ በአንድ መድረክ ፊት መቀመጣቸው ነው። ከባማኮ የመጣ ሰው ሰሜኑን የሚያውቀው በጦርነት ዜና ብቻ ነበር። አሁን ሻይ ተቀዳለት። የቱዋሬግ ሻይ ሦስት ጊዜ ይቀዳል፣ ሦስቱንም ሳይጠጡ መነሳት ነውር ነው። ከኛው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጋር መመሳሰሉን እናንተው ፍረዱ።

አሁን ወደ መራራው እንምጣ። አንባቢን መሸንገል ስለማንወድ ነው።

ፌስቲቫሉ ሰላምን አላቆመም። ከ2008 ወዲህ በሰሃራ ውስጥ የታጠቁ ቡድኖች የውጭ ዜጎችን ማገት አበዙ። በ2010 ዝግጅቱ ኤሳካንን ለቆ ወደ ቲምቡክቱ ከተማ ዳር ተዛወረ። በኖቬምበር 2011 ቲምቡክቱ ውስጥ ሦስት የውጭ ሰዎች ታገቱ፣ አራተኛው ተገደለ። ያም ሆኖ በጃንዋሪ 2012 ከ12 እስከ 14 ፌስቲቫሉ በጥበቃ ተካሄደ። የዩቱው ቦኖም መጥቶ ከቲናሪዌን ጋር መድረክ ላይ ወጣ። ሦስት ቀን ቆይቶ፣ ጃንዋሪ 17፣ በሰሜን ማሊ እንደገና ጦርነት ፈነዳ። በማርች በባማኮ መፈንቅለ መንግሥት ሆነ፤ ኤፕሪል 1 ቀን ቲምቡክቱ በታጣቂዎች እጅ ወደቀች።

ከተማዋን ከያዙት አንዱ አንሳር ዲን የተባለው ቡድን ነው። መሪው ኢያድ አግ ጋሊ የ1990ው አመፅ መሪ የነበረ፣ በዚያን ዘመን ከቲናሪዌን ሙዚቀኞች ጋር ቅርበት የነበረው ሰው ነው። ያ ሰው ተመልሶ መጣና በሰሜኑ ሙዚቃ ተከለከለ። መሣሪያዎች ተቃጠሉ፣ ሙዚቀኞች ተዛተባቸው፣ የሞባይል ጥሪ ዘፈን ሳይቀር ወንጀል ሆነ። ቲናሪዌን ግራሚ የተባለውን ትልቅ የአሜሪካ ሽልማት ያገኙት በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ 2012 ነው፤ ዓለም ሲያጨበጭብላቸው አገራቸው እየነደደች ነበር።

ሰዉ ደግሞ ተሰደደ። በሞሪታኒያ የምበራ ካምፕ በ2012 ተከፈተ፤ ዛሬም አለ። የታርቲቷ ፋዲማታ ወለት ኡማር፣ በ1990ዎቹ አንዴ የተሰደደችው ሴት፣ አሁን ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ቡርኪና ፋሶ ተሰደደች። ቲምቡክቱ በጥር 2013 ከታጣቂዎቹ ነፃ ብትወጣም በረሃው አልተረጋጋም፤ ፌስቲቫሉ ወደ ኤሳካን አልተመለሰም። «ፌስቲቫሉ በስደት» እየተባለ በሌሎች አገሮች ከተሞች ዝግጅቶች ተደርገዋል። ሰው ሲሰደድ ሰምተናል፣ ፌስቲቫል ሲሰደድ ግን ይሄ የመጀመሪያችን ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ለምን አወጋችሁን ትሉ ይሆናል። አባባ በስብሰባው የተናገሩትን አቅልለን አላየንም። ቤታቸው ውስጥ ያለውን ሐዘን እናውቃለን፣ ሄደን ተቀምጠናል። ግን የቱዋሬጎቹ ዘፈን ሐዘን ካለቀ በኋላ የመጣ አይደለም። አባቱ የተገደለበት ልጅ ነው ጣሳውን ያነሳው። ሐዘኑ አልቆለት ቢሆን ኖሮ ጊታሩንም ባልሠራው ነበር ብለን እናስባለን። ደግሞ በሌላ በኩል፣ ወጣቶቹ «ሙዚቃ ሰላም ያመጣል» እያሉ ሲናገሩ ትንሽ ቀስ ቢሉ እንመርጣለን። ጃንዋሪ 14 የተዘፈነበት አገር ጃንዋሪ 17 ተኩስ ሰማ። በቅዳሜው ስብሰባ ይህንንም ያን ያህል አንዋሽ።

ጸብን ለፈሩት፣ ሌላ ቅርብ ምሳሌ እንጨምር። በማላዊ ዶዋ በሚባል አውራጃ ድዛሌካ የሚባል የስደተኞች ካምፕ አለ። ቀድሞ እስር ቤት ነበር፤ ከ1994 ጀምሮ ካምፕ ሆነ። አብዛኞቹ ነዋሪዎች ከኮንጎ፣ ከቡሩንዲና ከሩዋንዳ ናቸው፤ ኢትዮጵያውያንና ሶማሌዎችም አሉ። ሜኔስ ላ ፕሉም የሚባል ከኮንጎ የተሰደደ ገጣሚ በ2014 እዚያው ካምፑ ውስጥ «ቱማይኒ» የሚል ፌስቲቫል ጀመረ። ቱማይኒ በስዋሂሊ «ተስፋ» ማለት ነው። መግቢያው በነፃ ነው። ከማላዊ ከተሞችና ከውጭ የሚመጣው እንግዳ ሆቴል አይሄድም፤ በስደተኞቹ ቤት ያድራል፣ እነሱ የሚበሉትን ይበላል፣ ለቤቱ ባለቤትም ይከፍላል። ስደተኛ ከካምፕ ወጥቶ መሥራት በማይፈቀድለት አገር ውስጥ፣ እንግዳ ተቀብሎ ሂሳብ የሚቀበል ስደተኛ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ለዓመታት እንጀራ እየጋገራችሁ የምትሸጡ እናቶች ይህን ነጥብ ቅዳሜ ብታነሱት ደስ ይለናል። እንግዳ ካለ ገበያ አለ።

የጄኔሬተሩ ጥያቄ ግን ትክክል ነው፤ እሱን ምንም ፌስቲቫል አይመልስልንም። የሴት ልጆች መምሸትም እንዲሁ። የኛ ሐሳብ በ9 ሰዓት ተጀምሮ ፀሐይ ስትጠልቅ ይብቃ የሚል ነው። ያኔ ጄኔሬተርም አይፈለግም፣ ልጃገረዶችም በብርሃን ቤታቸው ይገባሉ። ኤሳካንም ከሰዓቱ ነበር የሚበልጠው ይላሉ የሄዱት፤ ሴቶቹ ቴንዴ ሲመቱ፣ ግመሉ ሲዞር። ድምፅ ማጉያ ቢጠፋ ከበሮው በእጅ ይመታል። መድረኩ ላይ በመጀመሪያ ይቁም የምንለው ደግሞ ወጣት ዘፋኝ አይደለም፤ ያቺ ከኋላ ሆነው የመለሱት እናት ናቸው። እንጉርጉሮ ያውቃሉ፣ በለቅሶ ቤት ሰምተናቸዋል። አባባ እሱን ሰምተው ከተነሱ እኛም አብረናቸው እንነሳለን።

ስብሰባው ቅዳሜ በ10 ሰዓት በትምህርት ቤቱ ግራር ሥር ነው። በርጩማ ይዛችሁ ኑ፤ ያሉን አግዳሚዎች ለሃያ ሰው አይበቁም።

አንድ ማሳሰቢያ። ከሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን አንዱ በዘይት ጣሳ ክራር ሠርቷል። የኢብራሂምን ታሪክ ከመንገራችን በፊት ነው የሠራው፣ ከኛ አልተማረም። አራት አውታር አለው፤ አምስተኛው ጎድሎታል። ያሮጌ ብስክሌት ፍሬን ሽቦ ያላችሁ ሰዎች፣ ዝገት የበላው ቢሆንም ግድ የለም፣ እባካችሁ ከቅዳሜ በፊት ለመምህራን ክፍል አድርሱልን።